ስለ ጕድጓድ ውኃና ስለ መዝጊያው

ሰው ውኃ ለማግኘት ብዙ ይደክማል፤ ያገኘውን ውኃ ለመዝጋት ግን ጥቂት እንኳ አያስብም። ጕድጓድ ለማስቈፈር ይበደራል፥ ፓምፕ ለመግዛት ከብት ይሸጣል፥ ታንከር ለማስቀመጥ ብረት ያስበይዳል፤ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ውኃው በቧንቧ ሲወርድ ባየ ጊዜ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን ውኃን ማውጣት የሥራው እኩሌታ ነው። የቀረው እኩሌታ በፈለጉ ጊዜ፥ በፈለጉበትም ስፍራ ውኃውን መዝጋት መቻል ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር ይኸው ነው። ነገሩ ለጋዜጣ የሚያንስ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የብዙ ቤተ ሰብ ጤናና የብዙ መሥሪያ ቤት ገንዘብ በዚህ በትንሹ ነገር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አንባቢ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረድ።

መዝጊያ የሌለው ውኃ ምን እንደሚያስከትል አባቶች ያውቁ ነበር። ያዕቆብ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ወደ ምሥራቅ አገር በደረሰ ጊዜ በሜዳው ላይ ያገኘው የውኃ ጕድጓድ አፉ በትልቅ ድንጋይ የተገጠመ እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። እረኞቹ መንጎቻቸው ሁሉ ሲሰበሰቡ ድንጋዩን አንከባለው ያጠጡ ነበር፤ አጠጥተውም ሲጨርሱ ድንጋዩን ወደ ስፍራው ይመልሱት ነበር። ድንጋዩን ማንሣት ብቻ ሳይሆን መመለስም የሥራው ክፍል እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። እንዲሁም ጕድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው፥ የሌላው ሰው በሬ ወይም አህያ የገባበት እንደ ሆነ፥ ዕዳው በእርሱ ላይ እንዲሆን የኦሪት ሕግ ይፈርዳል። ወደ አገራችንም የመጣን እንደ ሆነ፥ በጐንደር የዐፄ ፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ ቦዩን ከፍቶ የሚያስገባ ሰው፥ ሲሞላም ዘግቶ የሚያቆም ሰው ባይኖር ኖሮ መዋኛው ለበዓል የሚሆን ባልሆነም ነበር። ስለዚህ መዝጊያ ለእኛ ከውጭ የመጣ እንግዳ ጥበብ አይደለም። እንግዳ የሆነው ቧንቧው ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት፥ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ ባስገባ ጊዜ ሕዝቡ ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ አይቶ እጅግ ተደነቀ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ከቤተ መንግሥት ወደ ከተማ፥ ከከተማም ወደ ገጠር ወጥቶ ዛሬ በየግቢው ገብቷል። ያ የያዕቆብ ዘመን ድንጋይ ግን በመዳፍ እስኪያዝ ድረስ አንሶ፥ ከብረትና ከነሐስ ተሠርቶ፥ «ቫልቭ» የሚባል ስም ተሰጥቶት በገበያ ይሸጣል። ድንጋዩ አንሷል ብለን ግን ሥራውም ያነሰ አይምሰለን።

ይህንን ለመጻፍ ያነሣሣን በመቲ ከተማ ያየነው ነገር ነው። መቲ በጋምቤላ ክልል፥ በመዠንግር ዞን፥ በጎደሬ ወረዳ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደንና ዝናብ የበዛበት፥ ቡናና ማር የሚገኝበት ነው፤ የመዠንግር ደንም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጋር ተቈጥሯል። ምድሩ ከጋምቤላ ቆላ ይልቅ ከፍ ያለ፥ ምንጩና ጅረቱም የበዛ ስለ ሆነ፥ እንግዳ ሰው በመጣ ጊዜ «በዚህ አገር ስለ ውኃ ምን የሚያሳስብ ነገር አለ?» ይላል። እኛም እንደ እንግዳው ብለን ነበር።

ለሥራ ወደዚያ ሄደን ሳለን ብዙ ዘመን በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አንድ ሰው በቤታቸው አሳደሩን። በግቢያቸው በእጅ የተቈፈረ፥ በሲሚንቶ ቀለበት የተገነባ ጥሩ ጕድጓድ አለ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ውኃውን ስቦ በብረት ማማ ላይ ወደ ተቀመጠ 2,000 ሊትር ወደሚይዝ ታንከር ያወጣዋል፤ ከታንከሩም አንድ ቧንቧ ወርዶ ወደ ወጥ ቤት፥ ወደ መታጠቢያ፥ ወደ አጥርም ዳር ይከፈላል። በአጥሩ ዳር ያለው የጐረቤቶች ነው፤ ጧት ጧት ጀሪካን የያዙ ሴቶችና ልጆች እየመጡ ያለ ዋጋ ይቀዳሉ። ይህን ባየን ጊዜ የባለ ቤቱን ደግነት አመሰገንን፤ ሥራውም ፍጹም መሰለን።

በሁለተኛው ሌሊት በወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ተፈትቶ ውኃው በኀይል መፍሰስ ጀመረ። ሁላችንም ተነሣን። «ጋሼ፥ መዝጊያው ከወዴት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «ወንድሜ፥ መዝጊያ የለውም፤ ፓምፑን አጥፍቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ታንከሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው» አሉን። ፓምፕን ማጥፋት ወደ ታንከሩ የሚወጣውን ያቆማል እንጂ ከታንከሩ የሚወርደውን እንደማያቆም ያን ጊዜ በዐይናችን አየን። የቤቱ ሴቶች ገንቦውን፥ ሳፋውንና ድስቱን ሰብስበው የቻሉትን ያህል ቀዱ፤ የቀረው ግን በወለሉ ላይ ፈሰሰ። የጭቃው ግድግዳ ከግርጌው ረጥቦ ተላጠ፤ በጓዳ የተቀመጠ የጀንፈል ቡናም ራሰ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም የሚባለው ተረት ያን ሌሊት በቤቱ ውስጥ ሲፈጸም አየነው።

ጕዳቱ ግን በዚህ አላበቃም። የተሰበረው በወጥ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ መጋጠሚያ ሲሆን፥ ቅርንጫፉን ለብቻው የሚለይ መዝጊያ ስለሌለ መላው ግቢ ያለ ውኃ ቀረ። መጋጠሚያው ከቴፒ እስኪመጣ፥ የቧንቧ ሠራተኛውም እስኪገኝ ድረስ ሦስት ቀን አለፈ። በጕድጓዱ ውስጥ ውኃ ሞልቷል፥ ፓምፑም ደኅና ነው፥ መብራትም አለ፤ የሚጠጣ ውኃ ግን የለም። የባለ ቤቱ ልጅ አራስ ነበረች። ጐረቤቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው መጥተው ባዶውን ይዘው ተመለሱ፤ ልጆቻቸውም ወደ ተዉት ወደ ቀድሞው ጅረት ወረዱ። በአራተኛው ቀን ሠራተኛው መጋጠሚያውን ካደሰ በኋላ ከታንከሩ ግርጌ አንድ ቫልቭ፥ ወደ ወጥ ቤቱም በሚሄደው ቅርንጫፍ ላይ ሌላ አንድ ቫልቭ አገባ። ሥራው እስከ እኩለ ቀን እንኳ አልቈየም፤ የሁለቱ ቫልቮች ዋጋም ከራሰው ቡና ዋጋ ጋር የሚመዛዘን አልነበረም። ባለ ቤቱም ቫልቩን እየከፈቱና እየዘጉ ከተመለከቱ በኋላ «ይህን አስቀድሞ ማን በነገረኝ!» አሉ።

ይህ ቃል ከእኛ ልብ አልጠፋም። እውነት ነው፤ ማንም አልነገራቸውም። ጕድጓዱን የቈፈሩት ሰዎች ሥራቸው ውኃው በታየ ጊዜ አለቀ፤ ፓምፑን የሸጠው ነጋዴ ፓምፑን ሸጠ፤ ቧንቧውን የዘረጋው ሠራተኛም የታዘዘውን ብቻ ዘረጋ። በሕግም በኩል የተመለከትን እንደ ሆነ፥ የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197/1992 ሲወጣ የአገሪቱ ውኃ ሁሉ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ፥ በእጅ ለሚቈፈር ጕድጓድ ግን ፈቃድ እንዳያስፈልግ አድርጓል። ይህም መልካም ፍርድ ነው፤ ድኻው በግቢው ውኃ ለማውጣት ደጅ እንዳይጠና አድርጎታል። ነገር ግን ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራ መርማሪም የማይመጣበት ሥራ ነው። ሹም በማይመረምርበት ስፍራ የሠራተኛው ሙያና የባለ ቤቱ ዕውቀት የሹሙን ስፍራ መያዝ አለባቸው። ዕውቀቱ ከሌለ ነጻነቱ ወደ ጕዳት ይመለሳል።

ስለዚህ ዕውቀቱን በአጭሩ እንናገር። በግቢ ጕድጓድ የሚጠቀም ሰው መዝጊያ የሚያስፈልገው በእነዚህ ስፍራዎች ነው።

መጀመሪያው ከጕድጓዱ አፍ ላይ ነው። ከፓምፑ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ውኃው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ይገባል፤ ከእርሱም በኋላ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ይከተለዋል። ፓምፑ ተበላሽቶ በሚወጣበት ጊዜ ይህ ቫልቭ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በቧንቧውና በታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ ተመልሶ ወደ ጕድጓዱ አይወርድም፥ በሠራተኛውም ላይ አይፈስስበትም።

ሁለተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ከታንከሩ ግርጌ ነው። በታንከሩ ውስጥ ያለው ውኃ በከፍታው ምክንያት ሁልጊዜ ወደ ታች ይገፋል፤ የሚያቆመው ምንም የለም። በመካከለኛ ቧንቧ በደቂቃ 10 ሊትር የፈሰሰ እንደ ሆነ 2,000 ሊትር ውኃ በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ይኸውም ሰው ተኝቶ ሳለ ማለት ነው። ከዚሁ ጋር ከታንከሩ በታች ዝቃጩ የሚወጣበት ሌላ መክፈቻ ቢኖር ታንከሩን ማጠብ ቀላል ይሆናል።

ሦስተኛው ቧንቧው ወደ ቤት በሚገባበት ስፍራ ነው፤ ይህም ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ማንም ሮጦ የሚደርስበት፥ በጨለማም በእጅ ዳስሶ የሚያገኘው መሆን አለበት። አራተኛው በየቅርንጫፉ ነው፤ ወጥ ቤቱ ለብቻው፥ መታጠቢያውና መጸዳጃው ለብቻው፥ የአትክልቱና የጐረቤቱ ቦኖ ለብቻው መዘጋት አለባቸው። በመጸዳጃው ውኃ ማጠራቀሚያና በእጅ መታጠቢያው ሥር የምትገባው አንግል ቫልቭ የምትባለው ትንሽ መዝጊያም ከዚሁ ትቈጠራለች።

አምስተኛው የከተማው ውኃ መስመር በገባበት ግቢ ያለ ነው። ብዙ ሰዎች የከተማው ውኃ በጠፋ ጊዜ የጕድጓዳቸውን ቧንቧ ከከተማው ቧንቧ ጋር ያገናኙታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። የከተማው መስመር ባዶ ሆኖ ሳለ የጕድጓዱ ውኃ በፓምፑ ኀይል ወደ ከተማው መስመር ሊገባ፥ ከዚያም የማያውቀው ጐረቤት ሊጠጣው ይችላል። በመካከላቸው የተደረገ አንድ ቫልቭም በቂ አይደለም፤ ሰው ረስቶ ይከፍተዋልና። የሚሻለው የከተማው ውኃ ከላይ ወደ ታንከሩ እንዲወርድ፥ የቧንቧውም አፍ ከታንከሩ ውኃ በላይ ከፍ ብሎ አየር በመካከል እንዲለያቸው ማድረግ ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ቫልቭ ብቻ የሚበቃ ሰው ቢኖር ከታንከሩ ግርጌ ያለውን ያስቀድም። ለሁለት የሚበቃው ሰው የጐረቤቱን ቅርንጫፍ ከቤቱ ቅርንጫፍ ይለይ።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ መዝጊያ በማይገባው ስፍራ የተደረገ እንደ ሆነ ከመዝጊያ መታጣት የባሰ ጕዳት ያመጣልና። ፓምፕ እየሠራ ሳለ የሚወጣበት መንገድ የተዘጋበት እንደ ሆነ፥ ያንኑ ውኃ በሆዱ ውስጥ እያዞረ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል፥ ወይም ቧንቧውን ያፈነዳል። ስለዚህ ከፓምፑ ቀጥሎ ያለው ቫልቭ ለጥገና ብቻ የሚዘጋ እንጂ ዘወትር ክፍት ሆኖ የሚኖር ነው፤ ሲዘጋም አስቀድሞ የፓምፑ መብራት መጥፋት አለበት። ታንከሩ ሲሞላ የሚዘጋ ተራ ፍሎተር በፓምፕ በሚሞላ ታንከር ላይ ብቻውን የተደረገ እንደ ሆነ ይህንኑ ጕዳት ያመጣል፤ በእርሱ ፈንታ ወይም ከእርሱ ጋር የፓምፑን መብራት የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ፍሎተር ማድረግ ያስፈልጋል። በማማ ላይ ታንከር ከማስቀመጥ ይልቅ የፕሬዠር ታንክ ያደረጉ ሰዎችም ፓምፑን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን መሣሪያ ከፓምፑ የሚለይ መዝጊያ በመካከል እንዳያገቡ ይጠንቀቁ፤ ዋናው መዝጊያ ከፕሬዠር ታንኩ በኋላ፥ ወደ ቤት በሚሄደው መስመር ላይ ይሁን።

ስለ ቫልቩም ዓይነት ጥቂት እንናገር። በገበያ በብዛት የሚገኙት ለቤት የሚሆኑ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ጌት ቫልቭ የሚባለው፥ ብዙ ጊዜ በማዞር የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ሁለተኛው ቦል ቫልቭ የሚባለው፥ እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር ነው። የጕድጓድ ውኃ አሸዋና ደለል ያለበት እንደ ሆነ ደለሉ በጌት ቫልቩ መቀመጫ ላይ ይከማችና ፈጽሞ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለግቢ ውኃ ቦል ቫልቭ ይሻላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። እጀታው ከቧንቧው ጋር አብሮ የተዘረጋ እንደ ሆነ ክፍት ነው፤ በቧንቧው ላይ እንደ መስቀል የተሻገረ እንደ ሆነ ዝግ ነው። ይህን ፊደል ያልቈጠረ ሰውም ሊያውቀው ይችላል። ነገር ግን በኀይልና በድንገት አይዘጋም፤ የሚሮጠው ውኃ በድንገት ሲቆም ቧንቧውን ይመታዋልና ቀስ ብሎ መዝጋት ይገባል።

ቫልቭ ተገብቶ ከተረሳም ከንቱ ነው። ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቈየ ቫልቭ ዝጎና ኖራ ይይዘውና በሚያስፈልግበት ቀን እንቢ ይላል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ክረምቱ ሳይገባና ክረምቱ ሲወጣ፥ ሁሉንም አንድ ጊዜ ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል። ይልቁንም ቫልቩን በሲሚንቶ ለስኖ መቅበር ወይም በአፈር ውስጥ መሰወር ትልቅ ስንፍና ነው፤ ክዳን ባለው በትንሽ ሣጥን ውስጥ ይሁን፥ በክዳኑም ላይ የወጥ ቤት ወይም የጐረቤት መሆኑ ይጻፍበት።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር ከጤና ጋር ያለውን ግንኙነት እንመልከት። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተነሣው የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሽታ በመጀመሪያ የታየው በጋምቤላ ክልል ነበር፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛመተ። በ2006 ዓ.ም.ም ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች በሰፈሩባቸው በጋምቤላ መጠለያዎች ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው የጉበት በሽታ ገባ። ሁለቱም በተበከለ ውኃ የሚተላለፉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በኢታንግ ወረዳ ቀድሞ በቦቴ ይመላለስ የነበረው ውኃ ለስደተኛውና ለአገሬው ሕዝብ በጋራ በሚያገለግል ቋሚ የቧንቧ መስመር እንዲተካ መደረጉ ትልቅ ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ትልቅ መስመር ላይ በየክፍሉ መዝጊያ ማድረግ ለመሐንዲሶች የታወቀ ነገር ነው። በቤት ጕድጓድ ላይ ግን መሐንዲስ የለም፤ በሽታውም የትልቁንና የትንሹን ልዩነት አያውቅም።

ብክለቱ በግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ልብ እንበል። በታንከሩ ውኃ አልቆ ወይም መብራት ጠፍቶ በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ በወደቀ ጊዜ፥ አፉ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ወይም በከብት ገንዳ ውስጥ የተዘፈቀ ጎማ ቆሻሻውን ውኃ ወደ ኋላ ይስበዋል። መመለሻውን የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ከሌለ ቆሻሻው ወደ ቧንቧው፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጕድጓዱ ድረስ ይሄዳል። እንዲሁም በክረምት ጎርፍ ወደ ጕድጓዱ የገባ እንደ ሆነ፥ የጕድጓዱን መስመር ዘግቶ በታንከሩ ውስጥ የተረፈውን ንጹሕ ውኃ ማዳን የሚቻለው መዝጊያ ካለ ብቻ ነው። ጕድጓዱን በክሎሪን ለማከም በሚያስፈልግበትም ጊዜ መድኀኒቱ ሥራውን እስኪፈጽም ድረስ የቤቱን መስመር መዝጋት ያስፈልጋል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ካለው ከአንድ የሕዝብ ፓምፕ የጠጡ መሆናቸውን መርምሮ ለሰበካው ሹማምት አስረዳ፤ እነርሱም የፓምፑን እጀታ አስነቀሉት። በሽታው ከዚያ አስቀድሞ መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ቢሆንም ይህ ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይነገራል። ስለምን ይነገራል? መልካም ውኃን የማውጣት ያህል ክፉ ውኃን ፈጥኖ መዝጋት ነፍስን የሚያድን መሆኑን ስላሳየ ነው። ለእጀታው መነቀል አስቀድሞ እጀታ ሊኖር ይገባል። በብዙ ግቢዎቻችን ግን የሚነቀል እጀታ፥ የሚዘጋም ቫልቭ የለም።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። «ዝናብ በበዛበት አገር ጥቂት ውኃ ቢፈስ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው አለ። ለዚህ ሰው የምንመልሰው፥ የሚፈሰው ውኃ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ከጕድጓድ የወጣ ውኃ የመብራት ዋጋ፥ የፓምፕ ዕድሜና የሰው ድካም ተጨምሮበታል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በአንድ ቀን ከ86,000 የሚበልጥ ጠብታ ይጥላል፤ ይኸውም እየተጠራቀመ ጀሪካን የሚሞላ ነው። ያንን ጀሪካን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጅ ዋጋውን ታውቀዋለች።

ሌላው ደግሞ «ገንዘብ የለንም» ይላል። ጕድጓድ ያስቈፈረ፥ ፓምፕ የገዛ፥ ታንከር ያስቀመጠ ሰው ለቫልቭ ገንዘብ የለኝም ቢል፥ ቤት ሠርቶ ለመዝጊያው ቍልፍ ገንዘብ አነሰኝ እንደሚል ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን፤ በሥራ የምናውለው ግን ጥቂቶች ነን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው። «መዝጊያ ሲበዛ ጠብ ይበዛል፤ ባለ ጕድጓዱ ከጐረቤቱ በተጣላ ቀን ውኃውን ይዘጋበታል» ይላሉ። ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የይስሐቅን አባት ጕድጓዶች ፍልስጥኤማውያን በቅንዓት አፈር ሞልተው እንደ ደፈኑአቸው፥ ይስሐቅም እንደ ገና እንዳስቈፈራቸው ተጽፏል። ነገር ግን በቅንዓት የሚዘጋና ለጥገና የሚዘጋ አንድ አይደሉም። ክፉ ልብ ያለው ሰው ቫልቭ ባይኖረው በሩን ይዘጋል። በመቲ ያየነው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ባለ ቤቱ ደግ ሰው ሳሉ፥ የጐረቤቱን ቅርንጫፍ ከወጥ ቤታቸው የሚለይ መዝጊያ ስለሌላቸው ብቻ ሳይወዱ ጐረቤቶቻቸውን ሦስት ቀን ውኃ ከለከሉ። ልግስናቸው በአንድ መጋጠሚያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ቅርንጫፎቹ የተለዩ እንደ ሆነ ግን የቤቱ ውኃ ተዘግቶ ሲጠገን የጐረቤቱ ይፈሳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የምንለምነው ሹማምትን ነው። መንግሥት ለትምህርት ቤት፥ ለጤና ኬላ፥ ለጽሕፈት ቤት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የውኃ ሥራ ያሠራል። ሥራው ሲያልቅ የሚረከበው ሹም ቧንቧውን ከፍቶ ውኃው መውረዱን ያያል፤ ያንጊዜውኑ «ተረክበናል» ብሎ ፈርሞ ማኅተም ያትማል። በወረቀቱ ላይ ማኅተም አለ፤ በውኃው ላይ ግን መዝጊያ የለም። ከእንግዲህ ወዲህ የመጨረሻው ክፍያ ከመከፈሉ በፊት የሚረከበው ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ማየት ብቻ ሳይሆን ቫልቮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ዘግቶ ይመልከት። አንድ ቅርንጫፍ ሲዘጋ ሌላው የሚፈስ ካልሆነ ሥራው አልተፈጸመም ብሎ ይመልስ። ቫልቮቹ ያሉበት ስፍራም በአንድ ወረቀት ተሥሎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሹሙ ቢለወጥና ዘበኛው ቢሄድ የሚቀረው ወረቀቱ ነውና። ይህ ሁሉ አዲስ አዋጅ የሚያስፈልገው አይደለም፤ በውሉ ውስጥ የሚገባ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ሁለተኛም የወረዳ የውኃና የጤና ሠራተኞች ለቤት ጕድጓድ ፈቃድ ባይሰጡም ምክር መስጠት አይከለከሉም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ስለ መጸዳጃና ስለ እጅ መታጠብ ሲያስተምሩ፥ ጕድጓድ ባለበት ግቢ «መዝጊያው ወዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄው ራሱ ትምህርት ይሆናል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ቧንቧ መቀጠል የሚማር ወጣት መቍረጥና መዝጋትንም አብሮ ይማር።

ሦስተኛም ለካህናት የምንለው አለ። በብዙ አድባራትና ገዳማት፥ በየአብነት ትምህርት ቤቱም ጕድጓድ ተቈፍሯል፤ በብዙዎቹም ታንከር ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው፤ ቧንቧው ሲሰበር የሚጠማው ብዙ ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው እንደሚሾም ሁሉ ውኃውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ፤ የቫልቮቹን ስፍራ ይወቅ፥ በዓመት ሁለት ጊዜም ይመርምር። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ያየውን ወደ ቤቱ ይወስዳልና፥ በአንድ ደብር የተደረገው ትንሽ ሥርዓት በመንደሩ ሁሉ ይታያል።

በመጨረሻም ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ጋዜጣውን ከማስቀመጡ በፊት አንድ ነገር ያድርግ። ተነሥቶ ወደ ግቢው ይውጣ፤ ዛሬ ሌሊት ቧንቧው ቢፈነዳ ውኃውን የሚዘጋው ከወዴት እንደ ሆነ ይፈልግ። ያገኘው እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ዘግቶ ይክፈተው፤ ለቤቱም ሰዎች ሁሉ ያሳያቸው። ያጣው እንደ ሆነ ግን ከነገ ወዲያ ሳይል ነገውኑ ያስገባ። ያዕቆብ ያገኛቸው እረኞች ድንጋዩን ወደ ጕድጓዱ አፍ ሳይመልሱ ወደ ቤታቸው አይሄዱም ነበር፤ እኛም ውኃችንን መዝጋት ሳንችል ውኃ አለን እያልን ልንተኛ አይገባንም።